የስፒል ቀዳዳ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት፣ ፉት ስል ከሰማችሁ ይቅርታ።

ፊት ለፊቴ አንድ ጠንከር ያለ ወረቀት አለ። ስፋቱ 28 በ36 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሎቢ ካርድ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ድሮ ሲኒማ ቤት መግቢያ ላይ የሚሰቀል ነበር። ብዙ ጊዜ 8 ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አንዱ የፊልሙ ስም በትልቁ የተጻፈበት፣ ሌሎቹ ከፊልሙ የተወሰዱ ምስሎች። እዚህ ሜሪላንድ፣ ያርድ ሴል የሚሉት፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው ላይ ዘርግቶ የሚሸጥበት ቦታ በ3 ዶላር ገዛሁት። የካውቦይ ፊልም ነው። ፊልሙን አላየሁትም፣ ላየውም አላሰብኩም።

ታዲያ ምን ያደርግልሃል ትሉኛላችሁ። ባለቤቴም ትለኛለች።

ልጅ ሆነን ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ እንቆም ነበር። መግቢያ ሳንቲም የለንም። ግን መስታወቱ ውስጥ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ማየት በነፃ ነው። አራት አምስት ፎቶ አይተን ሙሉ ፊልም እንሠራለን። ይሄ አክተሩ ነው፣ ያኛው ቆይቶ የሚከዳው ጓደኛው ነው፣ እሷን ደግሞ ያግቷታል። መጨረሻው አያስጨንቅም፤ አክተር አይሞትም። በኋላ አድጌ የተወሰኑትን ፊልሞች ስመለከት ተናደድኩ። የእኛው ይሻል ነበር።

ስለዚህ እኔ የምሰበስበው ፊልሙን ሳይሆን በሩን ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባል ኩባንያ ነበር። በ1920 በፈረንጆቹ (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱ ነው) ተቋቁሞ መጀመሪያ ትሬለር፣ ማለትም አጭር የፊልም ማስታወቂያ ያከፋፍል ነበር። ከ1940 ወዲህ የአብዛኞቹን ትልልቅ ስቱዲዮዎች ፖስተርና ሎቢ ካርድም ያዘ። ሲኒማ ቤቱ አይገዛውም፣ ይከራየዋል እንጂ። የኔን ካርድ ጠርዝ ብታዩት፣ በደቃቅ ፊደል የኩባንያው ንብረት ነው፣ ፊልሙ እንዳለቀ ወዲያው ይመለስ ይላል። ይመለስና ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እዚያም ሌላ ሰው በሌላ ስፒል ይሰቅለዋል።

ቀዳዳዎቹን ቆጠርኳቸው። አንዱ ጥግ ላይ ብቻ አምስት አሉ።

ቁጥርም አለው። 54 ብሎ ከእዝባር (/) በኋላ ሌላ ቁጥር ከተከተለ የ1954 ነው ማለት ነው። ከፊቱ አር የምትል ፊደል ካለች ፊልሙ ድጋሚ ሲወጣ የታተመ ነው፤ ዋጋውም ይወርዳል። ትልልቆቹ ፖስተሮች ደግሞ ታጥፈው ነበር በፖስታ የሚላኩት፣ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ። የ1950ዎቹ ፖስተር አንድም እጥፋት ሳይኖረው ካገኛችሁ፣ ከመደሰታችሁ በፊት ትንሽ ጠርጥሩ።

ገንዘብ ያላቸው ሰብሳቢዎች እጥፋት አይወዱም። ሸራ ላይ ያስለጥፉና መስመሩን በቀለም ያስደፍናሉ። የተቀደደውን ለማዳን ከሆነ ይሁን። ለማሳመር ብቻ ከሆነ ግን እኔን ደስ አይለኝም። እንደ አዲስ ሸሚዝ ተተኩሶ ይወጣል፣ የት እንደዋለ የት እንዳደረ አታውቁም። እርግጥ ይሄን የሚለው 3 ዶላር የከፈለ ሰው ነው። በ2017 የ1931 የድራኩላ ፊልም ፖስተር በ525,800 ዶላር ተሸጧል። ያን ያህል ብከፍል እኔም ሳላስተኩሰው አልቀር።

የምወደው ታሪክ ግን የበርዊክ ነው። ፔንስልቬንያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ አንድ ቤት ጣሪያ ስር የ1930ዎቹ ፖስተሮች ተገኙ፣ ከ30 በላይ፣ ተጣብቀው እንደ ወፍራም ካርቶን ሆነው። ፖስተር የሚሰቅለው ሰው የድሮውን ሳይነቅል አዲሱን በላዩ ይለጥፍ ነበር። በእንፋሎት አላቀቋቸውና በ2012 ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አወጡ። ነቅሎ የሚጥል ታታሪ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንዱም የለም። ስንፍናው አተረፋቸው።

እኔም ተሸውጃለሁ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ ሎቢ ካርድ ለጠፈ። ፎቶው ላይ ቀዳዳው፣ የዛገው ስፒል ምልክት፣ ጥጉ ላይ የተሰበረው፣ ሁሉም አለ። በቃ ይሄ ኦርጅናል ነው አልኩና 140 ዶላር ከፈልኩ። ሲመጣ ቀዳዳው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ልሙጥ! ቀዳዳው ራሱ ታትሟል። ከእውነተኛው ካርድ ላይ ፎቶ ሲያነሱ ቀዳዳውንም አብረው አነሱት። ወደ ብርሃን ባዞረው፣ ምንም አያሳልፍም። ሻጩ መልእክቴን አይቶ ዝም አለ። ባለቤቴ ግን ዝም አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሰው ፊቱን ሲያይ እኔ ቀድሜ የምገለብጠው ጀርባውን ነው። የዚህ የካውቦዩ ጀርባ ላይ በእርሳስ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሐሙስም ተጽፎ ነበር፣ ግን ተሰርዟል። ለምን ይሆን? ሰው ጠፍቶ ይሆን? ፊልሙ ተቆርጦባቸው ይሆን? ባለፈው ሳምንት በመኪና ስሄድ ይሄንኑ ሳስብ መታጠፊያዬን አለፍኩት።

እናንተን አንድ ነገር ልለምን። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይ አጎታችሁ ሲኒማ ራስ ወይ አምባሳደር ሠርቶ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ከመስታወቱ የወጡ ፎቶዎች ካሉ፣ ልግዛ አልልም፣ ሽጡልኝም አልልም። በስልካችሁ ብቻ አንስታችሁ ላኩልኝ። ጀርባውንም አንሱልኝ፣ እባካችሁ።