መስኮቴ ላይ ያለው ጭቃ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም። ማለቴ፣ ማይኩ አጠገብ አንድ ጠርሙስ ጭቃ ተቀምጧል፤ እሱን እንግዳ ካላችሁት አለን።

ጭቃው ስምንት ወር ሆነው። ከአንድ ረግረግ ዳር ዝቄ ነው ያመጣሁት። የተቀዳደደ ወረቀትና ትንሽ የእንቁላል አስኳል ለወስኩበት፣ ውሃ ጨመርኩና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ዘዴው የእኔ አይደለም፤ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የሚባል ሩሲያዊ ተመራማሪ በ1880ዎቹ የጀመረው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ ነው የምጠራው።) ወረቀቱ የካርቦን ቀለብ ነው፣ አስኳሉ ድኝ ይሰጣል። የቀረው ሥራ መጠበቅ ነው። እኔና መጠበቅ ደግሞ እንዴት እንደሆንን ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም የለም። ቡናማ ጭቃ፣ ቡናማ ውሃ። ከዚያ ከታች መጥቆር ጀመረ። ብረትና ድኝ ሲገናኙ የሚመጣ ጥቁረት ነው። ቆይቶ ብርሃን በሚያገኘው ጎን አረንጓዴና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ብቅ አለ። ከላይ፣ ጭቃውና ውሃው በሚገናኙበት፣ ቀጭን ቡናማ መስመር ቀረች። ማስመሪያ አስጠግቼ ለካኋት፤ ሦስት ሚሊሜትር አትሞላም። ክዳኑን አንድ ቀን ከፍቼው ነበር። ስለ ሽታው ቤት ውስጥ የተባለውን እዚህ አልደግመውም።

ዛሬ ላወራ የፈለግኩት ስለዚያች መስመር ነው። ኦክስጅን ጭቃው ውስጥ የሚዘልቀው እስከዚያች ድረስ ብቻ ነው። ኦክስጅን ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 እጥፍ ገደማ ዘግይቶ ነው። ገና ከመግባቱ የላይኞቹ ባክቴሪያዎች ጨርሰውት ቁጭ ይላሉ። ለታቾቹ አይተርፍም።

ታዲያ ታች ያሉት ምን ይተነፍሳሉ? ያገኙትን። ናይትሬት፣ ከዚያ ማንጋኒዝ፣ ከዚያ ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት። ብዙ ጉልበት የሚያስገኘው ይቀድማል። ብረቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጭንቅላቴን ያዞረኝ እሱ ነው። ጂኦባክተር የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ በ1987 አሜሪካ ውስጥ ከፖቶማክ ወንዝ ደለል የተገኘ። ይህ ፍጡር የሚተነፍሰው ዝገት ነው። ዝገት ደግሞ ጠጣር ነው፤ ወደ ውስጥ ሊስበው አይችልም። ስለዚህ ከምግቡ የወጡትን ኤሌክትሮኖች፣ እኛ ኦክስጅን ላይ የምናራግፋቸውን፣ ከአካሉ ውጭ አውጥቶ ዝገቱ ላይ ያራግፋቸዋል። ትንፋሹን ደጅ ወጥቶ ነው የሚጨርሰው በሉት።

ባሕር ውስጥ ሰልፌት ሞልቷል። ጨው በሌለበት ረግረግ ግን ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ያኔ ተራው ሚቴን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ የሚሠሩት ነው። እዚህ ጋ አንድ እርማት አለኝ። ባለፈው እነዚህን «ባክቴሪያ» ብያቸው ነበር፤ አንድ አድማጭ በትህትና አረመኝ። አርኪያ ናቸው፤ ባክቴሪያ የሚመስሉ፣ ግን ዘራቸው ሌላ የሆነ ረቂቅ ተሕዋስያን። ካርል ዎስና ጆርጅ ፎክስ በ1977 ልዩነቱን እስኪያሳዩ ድረስ ሳይንቲስቶቹም እንደ እኔ ነበር የሚጠሯቸው። እነሱ ምክንያት ነበራቸው፤ እኔ የለኝም።

አርኪያዎቹ የወደቀ ቅጠል መብላት አይችሉም። ሴሉሎሱን፣ ማለትም የዕፅዋቱን ቃጫ፣ ወደ ስኳር የሚሰባብሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስኳሩን ወደ አሲድና አልኮል የሚያብላሉትም፣ ያንን ወደ አሴቴት (የኮምጣጤ ዘመድ ነው) እና ሃይድሮጅን የሚያወርዱትም እንዲሁ። ለአርኪያዎቹ የሚደርሳቸው የመጨረሻው ትርፍራፊ ነው። በ1967 የወጣ አንድ ግኝት አለ። አልኮልን ወደ ሚቴን ይለውጣል የተባለ አንድ ተሕዋስ ለዓመታት በላቦራቶሪ ሲራባ ኖሯል፤ ስምም ወጥቶለታል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ሁለት ሆኖ ተገኘ! አንደኛው አልኮሉን በልቶ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ከተጠራቀመ ግን ሥራው ይታፈናል። ሁለተኛው ሃይድሮጅኑን እየለቀመ ሚቴን ይሠራል፤ አልኮሉን ግን አይነካውም። በአንድ ስም የሚጠሩ ጥንዶች አውቃለሁ፤ እስከዚህ ድረስ ግን አላየሁም።

አሌሳንድሮ ቮልታ በ1776 ማጆሬ ሐይቅ ላይ ጭቃውን በዱላ እየቆሰቆሰ የሰበሰበው አረፋ ይኸው ሚቴን ነው። በእሳት ሲነድም አይቷል። አዎ፣ ባትሪን የፈለሰፈው ቮልታ።

ሁሉም ግን አይወጣም። ያቺ ቡናማ መስመር ውስጥ ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ከታች ሚቴን ይመጣል፣ ከላይ ኦክስጅን፤ እነሱ መሃል ላይ ቆመዋል። ቀስ እያለ ከሚሰርገው ብዙውን ይዘው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይሩታል። በአረፋ ተስፈንጥሮ የሚወጣውን ግን አይደርሱበትም። በሸምበቆ አገዳ ውስጥ ሽቅብ የሚያመልጠውም አልፏቸው ይሄዳል።

ድሮ «ረግረግ ካርቦን ይውጣል» እያልኩ አወራ ነበር። ግማሽ እውነት ነው። ፒት የሚባለው፣ በቅጡ ያልበሰበሰ ዕፅዋት የተከመረበት ረግረግ፣ ከዓለም የብስ የሚሸፍነው 3 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአፈር ካርቦን ግን ሲሶ ገደማውን ይዟል። ካርቦኑ እዚያ የቆየው ሠራተኞቹ አየር አጥተው ሥራው ስለተጓተተ ነው። ረግረጉን አጠንፍፋችሁ አየር ካስገባችሁላቸው፣ በሺህ ዓመታት የተከማቸውን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለወጡ በጥቂት ትውልድ ይፈጁታል። ውሃውን ስትመልሱት ደግሞ ሚቴን ይመጣል። በ100 ዓመት ስሌት ሚቴን ሙቀት በመያዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን 28 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። አየር ላይ የሚቆየው ግን አሥር ዓመት ገደማ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የልጅ ልጆቻችንንም ይጠብቃል። ስለዚህ እኔ ሚቴኑን እያወቅኩ ውሃው ይመለስ ባይ ነኝ። ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቆም ደግሞ ለሚቴን በሊታዎቹ ቦታ ይተርፋቸዋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት መስኮቱን ስወለውል ጠርሙሱን በክርኔ ገፋሁት። አልተሰበረም፤ ግን ተንከባለለ። ጥቁሩም አረንጓዴውም ወይን ጠጁም ተደባልቆ አንድ ግራጫ ነገር ሆነ። የስንት ወር ድካሜን ውሃ በላው አልኩ፤ ቃል በቃል።

ዛሬ ጠዋት አየሁት። ቡናማዋ መስመር ተመልሳለች። ከሥሯ፣ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ ተጣብቃለች። ሚቴን ናት ብዬ አልምልም። አሁን በጣቴ መታ ላድርገው። ቆይ…

ወጣች።

ቸር ሰንብቱ።