ጎሚስታ ቤት አትውሰዱት፦ የዴስክቶፕን የውስጥ አቧራ እንዴት እናጽዳ?

(ምስል፦ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ዴስክቶፕ። ከፍ ያለ የፋን ድምፅ ይሰማል።)

ይሄ የምትሰሙት የአውሮፕላን ድምፅ አይደለም። የእናቴ ቤት ዴስክቶፕ ነው። ገና ሲከፈት ይጮኻል። ትንሽ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል። ታናሽ ወንድሜ "ቫይረስ ነው" ብሎ ፎርማት አድርጎት ነበር። ምንም አልተሻለውም። ቫይረስ አልነበረማ፤ አቧራ ነው።

መጀመሪያ በስም እንግባባ። እኛ ሣጥኑን በሙሉ "ሲፒዩ" እንላለን። ባለሙያዎች ይሄን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ሲፒዩ ማለት ውስጥ ያለችው ትንሿ ፕሮሰሰር ናትና። ዛሬ ሣጥኑን ሲፒዩ፣ ትንሿን ፕሮሰሰር እያልኩ እቀጥላለሁ። የፈለገ ይቆጣ።

ፕሮሰሰር ሲሠራ ይሞቃል። ከላዩ ላይ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች የተደረደሩበት ነገር አለ፤ ሂት ሲንክ ይባላል። ሙቀቱ ወደ ቅጠሎቹ ይወጣል፣ ፋኑ በመሃላቸው አየር እየነዳ ያበርዳቸዋል። ያ ጠባብ ክፍተት በአቧራ ሲደፈን አየሩ መውጫ ያጣል፤ ፋኑም እልህ ይዞት ይጮኻል። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ያም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

100 ዲግሪ ምን ያህል ነው? አዲስ አበባ ላይ ሻያችሁ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስላለች። ፕሮሰሰራችሁ ከሚፈላ ሻይ በላይ እየጋለ ነው ማለት ነው። ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየራችን ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ እኛ ጋ በአቧራ የታፈነ ፋን ሁለት ጊዜ ይደክማል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ገና ስጀምር፣ የራሴን ሲፒዩ ታቅፌ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ቤት ወሰድኩት። "አንድ ጊዜ ንፉልኝ" አልኩ። ልጁ የጎማውን ቱቦ ደገነበት። አቧራው እንደ ጭስ ቦለቀ፣ ፋኑም እንደ ፉጨት ጮኸ። ሁለታችንም ተደሰትን። ቤት ወስጄ ስከፍተው ፋኑ ይንቋቋል፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ) ላይ ደግሞ የውሃ ነጠብጣብ አየሁ። ልጁ ምንም አላጠፋም። አላዋቂው እኔ ነበርኩ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ኮምፕሬሰር አየር ሲያምቅ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ታንኩ ውስጥ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ፣ አንዳንዴም ከዘይት ጋር፣ በቱቦው ይወጣል። ለጎማ ችግር የለውም። ለማዘርቦርድ ግን አለው። ሁለተኛ፣ የሲፒዩ ፋን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ1000 እስከ 3000 ዙር ለመዞር ነው የተሠራው። በጎማ መንፊያ ግፊት ከዚያ እጅግ በላይ ይበርና ማዞሪያው ይበላል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በአየር ኃይል የሚዞር ፋን ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል። ቆቃ ላይ ውሃ ተርባይን ሲያዞር መብራት እንደሚመነጨው፣ እናንተ የምታዞሩት ፋንም ወደ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊልክ ይችላል።

እንግዲህ እንጀምር። የሚያስፈልጉን ካቻቢቴ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ እና አየር መንፊያ ናቸው። የኮምፒውተር ሱቆች የሚሸጡት በእጅ የሚያዝ ብሎወር ካላችሁ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ የኳስ መንፊያ ይበቃል። እየሳቅኩ አይደለም። በቆርቆሮ የታሸገ አየር ያገኘ ሰው ቆርቆሮውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ከተዘቀዘቀ የሚወጣው አየር ሳይሆን እጅ የሚያቃጥል በረዷማ ፈሳሽ ነው። ብዙዎቹ እሳትም ይይዛሉ። ክፍሉ ውስጥ የቡና ከሰል ካለ ቆርቆሮው ይቆይላችሁ።

(ምስል፦ የፓወር ገመዱ ሲነቀል በቅርብ።)

ኮምፒውተሩን ዝጉ። ገመዱን ንቀሉ። ከማከፋፈያው ብቻ ሳይሆን ከሲፒዩው ጀርባም። ከዚያ የማስነሻውን ቁልፍ ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ የተረፈው ቻርጅ እንዲወጣ። "ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ይቆይ፣ ኧርዝ ይሆናል" (ትርፍ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል) የሚል ምክር በውጭ ቪዲዮዎች ትሰማላችሁ። እኛ ጋ የግድግዳው ሦስተኛ ቀዳዳ ብዙ ቤት ውስጥ ጌጥ ነው፤ ከኋላው ሽቦ የለም። ንቀሉት።

ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም የፓወር ገመዱ የሚሰካበትን ትንሽ የብረት ሣጥን፣ ግን በፍጹም እንዳትከፍቱ። ከግድግዳ የሚገባው 220 ቮልት ውስጡ ባሉ ካፓሲተሮች ላይ ሲጠራቀም 300 ቮልት ገደማ ይሆናል፣ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ከውጭ በፍርግርጉ በኩል ንፉበት፣ በቃ። ውስጡ ያለው አቧራ ካስጨነቃችሁ ለባለሙያ ስጡት።

ሲፒዩውን በረንዳ ወይም ግቢ አውጡት። ማስክ አድርጉ፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አይጠፋም። ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፣ ሹራብም አውልቁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ሹራብ ስታወልቁ ጠጠጠ የሚለውን ታውቁታላችሁ? ያቺ ብልጭታ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ናት። ሰው አትጎዳም፤ ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ግን ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ ውስጥ ያለ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሁሌም ያልተቀባውን የሣጥኑን ብረት ንኩ። የቤት ቫኪዩምም ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ የፕላስቲክ አፉ ያንኑ ብልጭታ ያመነጫል።

ክዳኑ ሲከፈት ሁሉም ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። ማዘርቦርዱ ላይ የተኛውን ግራጫ አቧራ ያይና እሱን ይነፋል፤ ንጹሕ ሆነ ብሎ ይዘጋል። እሱ ያስጠላል እንጂ ያን ያህል አይጎዳም። ዋናው ጠላት አይታይም፤ ፋኑና ሂት ሲንኩ መሃል ነው የተደበቀው።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ ሂት ሲንኩ ይጠጋል። ፋኑ በአራት ብሎኖች ተፈቶ ይነሳል።)

አያችሁት? ፋኑን ሳነሳ ሥሩ ላይ ይሄ አለ። ብናኝ አይደለም። እንደ ተዳመጠ ጥጥ ተጋግሮ፣ የፋኑን ክብ ቅርጽ ይዞ ወጣ። በጣቴ ጫፍ ስይዘው ሳይፈርስ ተነሳ። አሽቱት ብላችሁ አላስገድድም፤ ግን እጣን እጣን ይላል። እናቴ ቤት ቡና በየቀኑ ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ጭሱ አቧራውን እያጣበቀ እዚህ አስቀመጠው። እላዩ ላይ ደግሞ ከጎን ካለው ግንባታ የመጣ የሲሚንቶ ብናኝ አለ። እንዲህ የተጋገረውን መጀመሪያ በብሩሽ ከቅጠሎቹ አቅጣጫ ጋር ጥረጉ፣ ከዚያ ንፉ። አየር ብቻውን አያወጣውም።

ፋን በነፋችሁ ቁጥር እንዳይዞር በጣታችሁ ወይም በእርሳስ ያዙት። የግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪን የሚልክ ካርድ) ካለም የእሱን ፋን እንደዚሁ። አቧራ የተጣበቀበትን የፋን ምላስ አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ ጥረጉት። ረጅም ሥራ ነው፤ እኔ ራዲዮ ከፍቼ ነው የምሠራው።

ሂት ሲንኩን ራሱን አትንቀሉ፤ ካላስገደዳችሁ በቀር። ከተነቀለ በእሱና በፕሮሰሰሩ መሃል ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) መቀየር አለበት። አሮጌው በአልኮል ይጠረግና አዲሱ የትንሽ አተር ፍሬ ያህል ይደረጋል። አንዳንድ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ደረቁ ፔስት ስለሚይዛቸው ከሂት ሲንኩ ጋር ተነቅለው ይወጣሉ፣ እግራቸውም ይጣመማል። አዲስ ፔስት እጃችሁ ላይ ከሌለ እንደነበረ ተዉት።

ራሙን ካወጣችሁ አይቀር ወርቃማ ጥርሱን በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹት፣ የላጲሱን ፍርፋሪም አራግፉ። ስክሪኑ ጨልሞ ብቻ የሚቀር ስንት ኮምፒውተር በዚህ እንደተነሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ሲመለስ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ ማለት አለበት።

ከመዝጋታችሁ በፊት የፋኑን ሽቦ መልሳችሁ መሰካታችሁን እዩ። ይሄንን ረስቼ አውቃለሁ። ክዳኑ ክፍት እንዳለ አስነሱትና ፋኑ ሲዞር በዓይናችሁ ተመልከቱ። ካልዞረ ወዲያው አጥፉ።

(ምስል፦ ኮምፒውተሩ ይነሳል። ጸጥታ።)

ስሙት። የለም እኮ! ከማጽዳቴ በፊት ዝም ብሎ ተቀምጦ 71 ዲግሪ ያሳይ ነበር። አሁን 43።

ሲፒዩውን ከወለል አንስቼ በርጩማ ላይ አደረግኩት። ዳንቴሉንም ለእናቴ መለስኩላት፤ የምታለብሰው ግን ሲጠፋ ብቻ ነው። "እሺ" ብላኛለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ።