እንዶድ ለምን አጥር ላይ ቀረ?

[ምስል፦ ማለዳ፤ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው መንገድ፤ የድንጋይ አጥር ላይ የተንጠላጠለ ሐረግ]

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ የሚወርድ ሰው፣ አዳዲሶቹን ሕንፃዎች አልፎ ወደ ቆዩት ግቢዎች ሲጠጋ፣ አጥር ላይ የተንጠላጠለና ፍሬው በዘለላ የተደረደረ ተክል ያያል። ይህ እንዶድ ነው። በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ዕድሜ የጠገቡ እናቶች ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ለቅመው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በሙቀጫ ወቅጠው ውሃ ሲነኩት አረፋ እንደሚያወጣ ያውቃሉ፤ ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የመስቀልና የጥምቀት ነጠላ የሚነጣው በእርሱ ነበር። ዛሬ ግን የእጥበቱን ሥራ አልፈን፣ ይኸው ፍሬ በሽታን ለመከላከል እንዲውል አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት የደከሙበትን ታሪክና ድካሙ ለምን በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል እንደቀረ እንመለከታለን። በዚህ ቪዲዮ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ የትሉን የሕይወት ዑደት የሚያሳይ ሥዕል]

በሽታው ቢልሃርዚያ ይባላል። ትሉ በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሉ በሰገራ ወይም በሽንት ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ወደ ውሃ ቀንድ አውጣ ገብቶ በብዙ እጥፍ ይባዛል፤ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ የሚሻገር፣ ልብስ የሚያጥብ ወይም የሚዋኝ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። በጊዜ ካልታከመ ጉበትን ይጎዳል፤ ልጆችን ከዕድገትና ከትምህርት ወደ ኋላ ያስቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የመከላከያ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ብሎ የቆጠራቸው ሰዎች ከ250 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው።

አዲስ አበባን የከበበው ደጋ ብርዱ ለዚህ ዑደት አይመችም። ከአቃቂ ወጥቶ ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። በወንጂና በመተሐራ የስኳር እርሻዎች ዙሪያ ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው፤ ምክንያቱም ለሸንኮራው ውሃ የሚያደርሰው ቦይ፣ ዝግ ብሎ የሚፈስና ሣር የበቀለበት ስለሆነ፣ ለቀንድ አውጣውም የተመቸ ቤት ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቦዩን የሚቆፍረው መሥሪያ ቤት ስንት ሄክታር እንደለማና ስንት ኩንታል እንደተመረተ ይመዘግባል፤ በቦዩ ምክንያት የታመመው ሰው ግን በሌላ መዝገብ፣ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ይጻፋል። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተገናኙ፣ የልማቱን ዋጋ በጤናው የሚከፍለው የቀን ሠራተኛው ነው።

[ምስል፦ ዓድዋ፤ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን የሚያሳይ ሥዕል]

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጨርሰው በተመለሱበት ወቅት፣ በዓድዋ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎችን እያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ግርጌ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል በተለየ ሁኔታ፣ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ግኝቱ የጀመረው እንዲህ በቀላሉ ነው፤ ነገር ግን ማንም የሚያየውን ነገር ጥያቄ አድርጎ መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም። ሴቶቹ በእንዶዱ ላይ ያላቸው እውቀት ባይኖር ደግሞ የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የረጅም ዓመታት ምርመራ ነው። በ1966 አክሊሉ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ መሠረቱ። ከ1969 ጀምሮ ለ5 ዓመት ያህል በዓድዋ ወንዞች ላይ የተፈጨ እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ ውጤቱ ተለካ፤ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የሚታየው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዝርያዎችን አነጻጽረው፣ ምርቱም የመግደል ኃይሉም የተሻለውን «44 ቁጥር» የተባለውን መረጡ። ገበያ ላይ የነበረው የፋብሪካ ኬሚካል ኒክሎሳማይድ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር፤ እንዶድ ግን በገበሬው ማሳና አጥር ላይ ይበቅላል።

[ምስል፦ ቤተ ሙከራ፤ የተከመሩ ፋይሎች]

ታዲያ ምን ያዘው? አንድ ኬሚካል ወደ ውሃ እንዲጨመር ከመፈቀዱ በፊት ለሰው፣ ለከብትና ለዓሣ ያለው አደጋ መመርመር አለበት፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዶድም ነቀፋ የሌለበት አይደለም፦ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ለዓሣም መርዝ ነው፤ የቀንድ አውጣን እንቁላል ስለማያጠፋና ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ ደግሞ ደጋግሞ መጨመርን ይጠይቃል። ሆኖም ቶሎ መበስበሱ ራሱ መርዙ በወንዙ ውስጥ እንዳይከማች የሚያደርግ በጎ ጠባይ ነው። አክሊሉ አጥብቀው ያዘኑበት ነገር ሌላ ነበር፤ በኢትዮጵያ የተሠራው ምርምር ብቻውን በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። የደኅንነት ምርመራው ዓለም አቀፍ ደረጃን ባሟሉ ቤተ ሙከራዎች እንዲሠራ ተጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ የነበረው በሀብታም አገሮች ነው፤ ወጪውም ከአንድ የአፍሪካ ኢንስቲትዩት አቅም በላይ ነበር።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ለደኅንነት ምርመራ ገንዘብ የሚያወጣው፣ ምርቱን በባለቤትነት መብት ይዞ ሲሸጥ ወጪውን ስለሚመልስ ነው። አጥር ላይ የሚበቅል ተክል ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ የምርመራውን ወጪ የሚከፍልለትም የለም። ርካሽነቱ ለድሃው ጥቅም እንደሆነ ሁሉ፣ በፈቃድ ሰጪዎች ደጃፍ ላይ እንቅፋት ሆነበት። እንቅፋቱን ሊያነሣ የሚችለው የሕዝብ ገንዘብ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ዘግይቶ መጣ። አክሊሉና ለገሠ በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የስዊድን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ፤ የደኅንነት ምርመራውም በካናዳ መንግሥት የምርምር ተቋም ድጋፍ ወደ ፊት ሄደ። ከመጀመሪያው ግኝት እስከዚህ 25 ዓመት አልፏል።

በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ወጣ። በ1970ዎቹ በጀርመን ኩባንያዎች የተሠራው ይህ መድኃኒት በአንድ ጊዜ መጠን ትሉን የሚገድል ሲሆን፣ በሽታውን የመቆጣጠር ሥራ ትኩረትም ከውሃው ወደ ሰውየው ዞረ።

በ1990ዎቹ ሌላ ነገር ተከሰተ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከመርከብ ጋር የገባ አንድ ዓይነት ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ የፋብሪካዎችንና የከተሞችን የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ከፍተኛ ጉዳት ሲያደርስ፣ አክሊሉ ከኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እንዶድ እንደሚገድለው አሳዩ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የዓድዋ ልብስ አጣቢዎች እውቀት በዚያ ወረቀት ላይ ምን ድርሻ አለው? ጥያቄው በዓለም ዙሪያ ተነሣ። በብዝኃ ሕይወት ድርድሮች የአፍሪካን ቡድን የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ለማኅበረሰብ መብት ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል፤ ኢትዮጵያም በ2006 በአዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ክፍፍል እንዳይወሰድ ደነገገች። ሕጉ ለአክሊሉ አልደረሰላቸውም፤ በ1997 አርፈው ነበር።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ግቢ፤ ቁመት የሚለካበት ምልክት የተደረገበት እንጨት]

ዛሬ በሽታው ባለባቸው ወረዳዎች ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ይሰለፋሉ፤ ሚዛን ስለማያስፈልግ ቁመታቸው ምልክት ባለው እንጨት ይለካና በዚያው ልክ ክኒን ይሰጣቸዋል። አምራቹ ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ለአፍሪካ በዓመት እስከ 250 ሚሊዮን ክኒን በነፃ ለመስጠት ቃል ገብቷል። ይህ ብዙ ሕፃናትን ከስቃይ ያዳነ ሥራ ነውና ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ክኒኑ የበሰለውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን እምብዛም አይገድልም፤ ዳግም መያዝንም አይከለክልም። ልጁ ክኒኑን ውጦ በማግስቱ ወደዚያው ወንዝ ከወረደ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል፤ ልገሳው የሚቀጥለው ደግሞ ለጋሹ እስከፈለገ ድረስ ነው። በ2012 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታውን ለማጥፋት ጥሪ ካደረገ በኋላ፣ በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ቀንድ አውጣን በኬሚካል ስለመቆጣጠር መመሪያ ያወጣው፣ ክኒን ብቻውን እንደማይበቃ ስለታየ ነው። በመመሪያው የታሰበው ኬሚካል ግን አሁንም ኒክሎሳማይድ ነው።

[ምስል፦ ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርድ መንገድ፤ የመስኖ ቦይ]

እንዶድ የሚስማማው ደጋው ነው፤ በሽታው ያለው ቆላና ወይና ደጋው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ ይዋል ቢባል፣ በሱሉልታና በመሰሎቹ አካባቢዎች የሚያለማው ገበሬ፣ ፍሬውን የሚገዛና የሚፈጭ ማኅበር፣ ኃይሉን የሚመረምር ቤተ ሙከራ፣ ዓሣ የሚጠመድባቸውን ውሃዎች ለይቶ የሚከለክል ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ አንዱም ከአገሪቱ አቅም በላይ አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን አዲስ የመስኖ ቦይ ሲቆፈር፣ ለሲሚንቶና ለቁፋሮ ከሚመደበው ገንዘብ ጎን፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለንጹሕ ውሃና ለቀንድ አውጣ ቁጥጥር የሚሆን ወጪ በዚያው በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ቦዩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለጤና ጣቢያው የሚተርፈው ክኒን ማደል ብቻ ነውና።