የእጃችንን ዋጋ እንጥራ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የልብስ ስፌትና ጥልፍ ማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአንኮበር ለመጣችሁ ደግሞ ምስጋናዬ ድርብ ነው። መንገዱ እንዴት እንደከረመ ሁላችንም እናውቃለን። የደብረ ብርሃን ብርድም እንደ ልማዱ ተቀብሏችኋል። ጋቢያችሁን አታውልቁ፣ ይህ አዳራሽ ቶሎ አይሞቅም።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡላችኋል። የእነሱን አልሻማም። እኔ የማነሳው አንድ ጉዳይ ነው። ሥራችንን እንወዳለን። ዋጋ መጥራት ግን ያሳፍረናል።

እዚህ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን ወደዚህ ሙያ የገባነው ወደነው ነው። አንዷ ቀን ታስተምራለች፣ ማታ ጥልፍ ትጠልፋለች። አንዱ እናቱ ሲንጀር ስትረግጥ ሥሯ ቁጭ ብሎ ያደገ ነው። ለራሳችን ሰፋን፣ ለበስን። ጎረቤት አይታ "ለእኔም!" አለች። የአክስት ልጅ ሰርግ ደረሰ፣ ሚዜዎቹ ተከትለው መጡ። ሥራው እንዲህ ይጀመራል። ችግሩም እዚያው ይጀመራል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያ ደንበኞቻችን ዘመዶቻችን ናቸው። ዘመድን ደግሞ እንዴት ተደርጎ ዋጋ ይጠየቃል? "የጨርቁን ብቻ ከቻልሽ" ብለን እንገላገላለን።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ቀሚስ አለ እንበል። ጨርቁ 3,000 ብር፣ ክር፣ ዚፕና ገበር 400 ብር። የኪራይና የመብራት ድርሻው 300 ብር ይሁን። ጥልፉና ስፌቱ 4 ቀን ፈጀ። ለዘመድ ብለን በ4,000 ብር ሰጠነው። ስንት ቀረን? 300 ብር። ለ4 ቀን ሥራ ማለት ነው። በቀን 75 ብር። በዚህ ሒሳብ ዓይናችንን እያጠፋን የምንሠራው ለማን ነው? አሁን የጠራኋቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ናቸው። የየራሳችሁን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ አስሉት። አንዳንዶቻችሁ እንቅልፍ አይወስዳችሁም።

የቀን ዋጋችሁን መጀመሪያ ቁረጡ። 500 ይሁን፣ 700 ይሁን፣ እናንተው ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ትርፍ የሚባለው ነገር የሚመጣው። ደመወዝና ትርፍ ይለያያሉ። የቆየ ዋጋ ይዛችሁ የምትሠሩ ደግሞ ተመልከቱት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ክርና ዶቃ በድሮ ዋጋው አልቆመም። ለዘመድ ቅናሽ ማድረግ ከፈለጋችሁ አድርጉ። ግን ሙሉ ዋጋው መጀመሪያ ይነገር፣ ቅናሹም ይታወቅ። "ለአንቺ ስለሆነ ነው" ማለት ነውር የለበትም። ዝም ብሎ መክሰር ነው ነውሩ።

ይህ እፍረት ከየት መጣ ብዬ አስባለሁ። የዘመድ ይሉኝታ ብቻ አይመስለኝም። በአገራችን የእጅ ሥራ የተናቀ ነበር። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት፣ ቆዳ የሚሠራው ፋቂ ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ማንም ፊት ለፊት አይሰድበንም። ግን "ለአንድ ቀሚስ ይህን ያህል? ምኑን ሠራሽውና!" የሚለን ሰው አሁንም አለ። ያው ንቀት ነው፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ። ከሁሉ የሚገርመኝ እኛም አምነን ዋጋ የምንቀንሰው ነገር ነው።

ስለ ቀጠሮ ደግሞ ላንሳ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል። ተረቱ የደንበኛ ነው፣ የሚበጣጠሰው ግን የእኛ ስም ነው። የከተራ ዋዜማ ማታ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ቁልፍ ያልተተከለለት ቀሚስ የምትጠብቅ ደንበኛ የሌለው ማነው? እጁን ያውጣ። ማንም አላወጣም። የእኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ፦ ከገና በኋላ የጥምቀት ትዕዛዝ አትቀበሉ። መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ቀብድ ያልከፈለ ሰው ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል። ልኩን ጽፋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ አስቀምጡ። እህትም ብትሆን።

ዓመቱን እንመልከተው። ጥር ጥምቀትና ሰርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም፣ የስፌት መኪናው አቧራ ይጠጣል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሰርግ። ክረምት ሲገባ ጭር ይላል። ታዲያ የሐበሻ ቀሚስ ብቻ የሚሠራ ሰው በጾሙ ወራት ምን ይበላል? የቤት ኪራይ አይጾምም። ስለዚህ ዩኒፎርም የምትሰፉትን አትናቁ። ዲዛይነር ነኝ ብሎ ዩኒፎርም መስፋት የሚያፍር ወጣት አይቻለሁ። ክረምቱን ዩኒፎርም ሰፍቶ በዚያ ገንዘብ የሚወደውን ዲዛይን ቢሠራ ምን ይጎድልበታል?

ሌላው የብርድ ልብስ ነው። የምንኖረው በዚህ ደጋ ላይ ነው፣ ካፖርታችን ግን ከቦንዳ ተራ ይገዛል። የመንዝ በግ አለን። የመንዝ እናቶች ፀጉሩን ይፈትላሉ፣ ሸማኔዎቹ ባና እና ዝተት የሚባሉትን ብርድ ልብሶች ይሠሩበታል፣ በርኖስ የምንለው ካባም የዚሁ ፀጉር ሥራ ነው። ጥቁሩና ቡኒው የራሱ ቀለም ነው፣ ማቅለሚያ አይፈልግም። እውነቱን ለመናገር ፀጉሩ ሸካራ ነው። ለአንገት ልብስ ብትሠሩት ደንበኛችሁ ስታከክ ትውላለች። ገበር ገብቶለት አጭር ካፖርት ቢሆን፣ ቦርሳ ቢሆን፣ የትራስ ልብስ ቢሆን ግን ማንም ሽሮ ሜዳ ሄዶ የማያገኘው ዕቃ ነው። ሽሮ ሜዳን በሐበሻ ቀሚስ ዋጋ አንችለውም። ከፋብሪካ ታትሞ በሚመጣው ጥለት ደግሞ ጨርሶ አንችልም። በበርኖስ ግን ማን ይችለናል?

በረባሶን የማያውቅ እዚህ የለም። የጎማ ጫማ ነው፣ የድሃ ጫማ ይባል ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ከዚያ ሐሳብ ተነስታ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት መሠረተች። የአሮጌ ጎማ ሶልና በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ይዛ የውጭ ገበያ ገባች። እኔ ከእሷ ታሪክ የምወስደው ዝናውን አይደለም፤ ዕቃው አጠገቧ እንደነበረ ነው።

ለወጣቶቹ ጥቂት ልጨምር። ደመወዝ ያለው ሥራ ካላችሁ ገና አትልቀቁ። ማታና ቅዳሜ ሥሩ። የሦስት ወር ኪራይ የሚሸፍን ትዕዛዝ በእጃችሁ ሳይኖር ተበድራችሁ ሱቅ አትክፈቱ። ንግድ ፈቃድ የምታወጡ ቀን የሒሳብ ደብተርም ግዙ። የቤቱ ገንዘብና የሥራው ገንዘብ አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደሩ። ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉት ፎቶ የእናንተው ሥራ ይሁን። የሌላ ሰው ቀሚስ ፎቶ ለጥፋችሁ ሌላ ነገር ስታስረክቡ የሚጠፋው የሁላችንም ስም ነው። ሞዴል የለኝም አትበሉ፣ እህቶቻችሁ ምን ይሠራሉ? ጠዋት በረንዳ ላይ ብርሃኑ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ሥራችን። ከሪፖርቶቹ በኋላ ሁለት ውሳኔ እንጠብቃለን። አንደኛው በጋራ የምንጠቀምበት የኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ መኪና ግዢ ነው። መዋጮው ላይ ክርክር እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ይኑር። ሁለተኛው የአባላት ዝቅተኛ የጥልፍ ዋጋ ነው። ረቂቁ ወንበራችሁ ላይ አለ፤ ከቁጥሩ በታች የሚሠራ አባል ምን ይደረግ የሚለው ባዶ ቦታ ተትቷል፣ እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። ቡናው ከመጀመሪያው ሪፖርት በኋላ ነው። ዳቦውን የደብረ ሲና እህቶች ይዘውልን መጥተዋል፣ እግዜር ይስጥልን። ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የአንተ ነው።