ጥር በሐረማያ ሐይቅ ዳርቻ፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከድሬዳዋና ከአካባቢው የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ወደ ሐረር በደህና መጣችሁ።

የዓመቱን ሥራና ሒሳብ ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርቡልን፣ እኔ በጥር ወር ወፎችን ለማየት በሐረማያ ሐይቅ ዳርቻ ስላደረግነው የእግር ጉዞ ብቻ እናገራለሁ። ባሕር ባይኖረንም፣ አውሮፓና ሰሜን እስያ በብርድ ሲቆፈኑ በጋችንን ፈልገው የሚመጡ የውሃ ወፎች አሉን።

በዚያ ጠዋት ይበልጥ ያቆዩን ምንቃረ ሰፊዎቹ ዳክዬዎች ናቸው። ምንቃራቸው ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ሲሆን፣ በጠርዙ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ጥርስ መሰል ነገሮች እንደ ወንፊት ውሃውን አሳልፈው ጥቃቅን ነፍሳትንና ዘርን ያስቀራሉ። ብዙ ሆነው ክብ እየሠሩ ሲዋኙም አንዷ በእግሯ ያናወጠችውን ውሃ ከኋላዋ ያለችው እያጣራች ትመገባለች። ከጭቃው ላይ ጅራቷን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የምታደርግ ረጅም ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍ፣ ውሃ ሊጠጡ በወረዱት ከብቶች እግር ሥርም የሚበሩ ነፍሳትን የሚያሳድዱ ደረተ ቢጫ ወፎች አይተናል።

ከጉዞው በኋላ አንዳንዶቻችሁ ብርቅዬ ወፍ ባለመገኘቱ ቅር መሰኘታችሁን ሰምቻለሁ። በበኩሌ፣ በዚህ ሐይቅ ላይ ተራው ዳክዬ ከብርቅዬው ይልቅ መቆጠር ይገባዋል እላለሁ። ለሐረር ከተማ የሚሳበው ውሃ፣ የአትክልትና የጫት መስኖ (ጫቱን እንኳ ከእኛው ጉንጭ የሚያርቀው የለም)፣ ዛፍ ካጡት ኮረብታዎች ታጥቦ የሚወርደው ደለል ተደማምረው ሐይቁን በ1990ዎቹ አድርቀውት፣ ከብት ሣር የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ውሃው ዛሬ ተመልሷል። ይሁን እንጂ ከመድረቁ በፊት በጥር ስንት ዳክዬ ያርፍበት እንደነበር ብንጠየቅ፣ ከመካከላችን በቁጥር የሚመልስ አይገኝም፤ ስለዚህም የአሁኑን የምናነጻጽርበት የራሳችን መዝገብ የለንም።

ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር የሚካሄድ ነው። አንድ ዓመት የተቆጠረው ቁጥር ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ወፎች በዝናቡና በውሃው መጠን ከሐይቅ ሐይቅ ይዘዋወራሉና። ስለሆነም ሥራ አስፈጻሚው ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ ከመጪው ጥር አንሥቶ ያንኑ የዳርቻ ክፍል በተመሳሳይ ሰዓት ሁለት ሁለት ሆነን እንድንቆጥር፣ የውሃውን ጠርዝም በየጊዜው እንድንመዘግብ፣ በዳርቻው የሚውሉትን እረኞችና ገበሬዎችም ገና ከመነሻው እንድናሳትፍ ነው። ዝርዝሩ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ለውይይት ይቀርባል።

በዚህም ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።