ለችክችካ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ራይድ

[ምስል፦ ባሕር ዳር፤ የሰርግ ባንድ ልምምድ ላይ። ካሜራው ራይዱ ላይ ያርፋል።]

ጤና ይስጥልኝ! ጥር ሲገባ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ድራመር እረፍት የለውም። ብር ያጠረው ድራመር ታዲያ መጀመሪያ ምኑን ይቀይር? እኔን ከጠየቃችሁ፣ ራይዱን፤ ያንን ምት የምንይዝበትን ትልቁን ሲምባል (የብረት ሳህን)።

የጎጃም ሰርግ ያለ ችክችካ አይሆንም። በአንድ ዙር ስድስት የሚቆጠርበት (6/8) ምት ነው፤ ደግሞም ይፈጥናል። ራይድ ላይ ስትመቱት እያንዳንዱ ምት ለብቻው መሰማት አለበት። መጥፎ ራይድ ላይ ግን አንዱ ምት ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበትና ሁሉም "ሽሽሽ" ይሆናል። እስክስታ ወራጁ ትከሻውን የቱ ጋ ይጣል?

[ድምፅ፦ ያው ምት፣ መጀመሪያ በብራስ ራይድ፣ ቀጥሎ በብሮንዝ።]

ልዩነቱ ራይዱ ከተሠራበት ብረት ይመጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ብራስ ነው፤ መዳብና ዚንክ። የማይንል ኩባንያ ኤችሲኤስ እና የሳቢያን ኩባንያ ኤስቢአር የተባሉት ሞዴሎች ከዚህ ወገን ናቸው። ለመለማመጃ ይበቃሉ። ሁለተኛው ቢ8 የሚባለው ብሮንዝ ነው፤ 92 በመቶ መዳብ፣ 8 በመቶ ቆርቆሮ። ውዶቹ በአብዛኛው ቢ20 ናቸው፤ ቆርቆሯቸው 20 በመቶ ይደርሳል። ቢ8ን ግን እንዳትንቁት። የሲምባል አምራቹ ፓይስቴ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው "2002" የተሰኘው ሞዴል ቢ8 ነው፤ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይመቱታል።

እንግዲህ ምርጫው፦ 20 ኢንች፣ ሚዲየም ወይም ትንሽ ከበድ ያለ። ስስ ራይድ ቶሎ ይንጫጫል። ብራሱ አዲስ፣ ብሮንዙ ያገለገለ ሆኖ ዋጋቸው ከተቀራረበ ያገለገለውን ውሰዱ። ቢጠቁር ግድ የለም፤ ወልውላችሁ ጊዜ አታጥፉ።

[ምስል፦ ጣት በሲምባሉ ጠርዝ ዙሪያ ሲሄድ።]

ስንጥቅ ካለው ግን በነጻም ቢሰጧችሁ ለሥራ አይሆንም፤ እየሰፋ ይሄዳል። ጠርዙን በጥፍራችሁ ዳስሱት። የመሃሉ ቀዳዳም ክብ መሆኑን እዩ። ወደ አንድ ጎን ከተበላ፣ ባለቤቱ ያለ ፕላስቲክ ማቀፊያ ከማቆሚያው ዘንግ ጋር ብረት ለብረት ሲያፋጨው ኖሯል ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ አንዴ "ጧ!" አድርጎ መግዛት የለም። በስቲኩ ጫፍ፣ በጉልላቱና በጠርዙ መሃል ችክችካውን ምቱ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ሰርግ ቤት እንደምትመቱት። ቀጥሎ ስቲኩን ለጓደኛችሁ ስጡና ራቅ ብላችሁ ስሙት። ከወንበራችሁ ሆናችሁ የምትሰሙትና ታዳሚው የሚሰማው አንድ አይደለም።

ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነም ፎቶ ብቻ አትቀበሉ፤ ችክችካውን መትቶ በስልኩ ቀርጾ ይላክላችሁ።

አሁን ያላችሁን ለመቀየር ጨርሶ ካልተቻለስ? ከሥሩ ትንሽ ቴፕ ለጥፉበት፤ ጩኸቱን ያሳጥረዋል። ከላይ ያለችውን ብሎን ደግሞ ላላ አድርጉት፤ ሲምባል ሲመቱት መወዛወዝ አለበት። አጥብቆ ማሰር ነው ብዙውን የሚሰነጥቀው።