ድፎው ራሱ ጌጥ ነው

(ጳጉሜን 2 ቀን ለሰፈር ወላጆችና ልጆች የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እንኳን ለዚህ ሰሞን በሰላም አደረሳችሁ።

እስከ እንቁጣጣሽ መሐል ላይ ያሉት ሦስት ቀናት ብቻ ናቸው። ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ቤት የሚጸዳበት፣ የዶሮ ዋጋ የሚጠየቅበት ሰሞን ነው። ሥራ አቋርጣችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ነገሬ አንድ ነው። የበዓል ቤታችንን የምናሳምርበት ነገር ከእጃችን የወጣ፣ ቢቻል ደግሞ የሚበላ ይሁን። ልጆቻችንም እጃቸውን ያስገቡበት።

ይህን እንድናገር ያነሳሳኝ የዘንድሮ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ማታ ልጆች ደጄ ላይ «ሆያ ሆዬ» አሉ። ሙልሙል ጋግሬ ስለነበር አንድ አንድ ሰጠኋቸው። ከመሐላቸው አንዱ ዳቦውን ገልበጥ አድርጎ አየና «እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ልጁ ጥፋት የለበትም። ያላየውን ከየት ያውቃል? ብር ብቻ ነዋ የምንሰጣቸው። የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ገበያ ስትወጡም ታዩታላችሁ። የፕላስቲክ አደይ፣ የፕላስቲክ ቄጤማ፣ ፊኛ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት። የሚሸጠውንም የሚገዛውንም አልወቅስም። ሁሉም ቤቱ እንዲደምቅለት ነው። ግን መስከረም ሲጠባ አደይ ሜዳውንና ተራራውን በራሷ ጊዜ ቢጫ ታለብሰዋለች። በዚያው ሳምንት ፕላስቲኳን በብር መግዛት ያንገበግበኛል። ቄጤማም እንዲሁ ነው። ሲረገጥ የሚሰጠው ሽታ አለ። ከእጣኑና ከቡናው ጋር ሲቀላቀል ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ ዓመት በዓል መሆኑን እናውቃለን። በቀዳም ስዑር ካህናቱ የሚያድሉትን ቄጤማ አስቡት። የኖኅ ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ የጥፋት ውሃ መጉደሉን እንዳበሰረች፣ የትንሣኤውም ምሥራች በቄጤማ ይነገራል፤ ሰዉም ራሱ ላይ ያስረዋል። እንዲህ ያለ ነገር በፕላስቲክ እንዴት ይተካል?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማዕዱ መሐል የሚቀመጠው ነገር ነው። ያ ቦታ የድፎ ነበር። አሁን አንዳንድ ቤት የተገዛ ክሬም ኬክ ይቀመጥበትና ድፎው ጓዳ ይቀራል። ኬክ አልጠላም፣ ለልደት ይሁን። የእንቁጣጣሽ ማዕድ ግን መሐሉ የድፎ ነው።

እስቲ ያደግኩበትን ልንገራችሁ። አያቴ በዋዜማው ኮባ ከጎረቤት ጓሮ ታስቆርጣለች። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ ለብ ታደርገዋለች፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። መሐሉን የሚያልፈውን ወፍራም አከርካሪ በቢላ እየላጠች ታሳሳዋለች። ከዚያ ቅጠሎቹን ምጣዱ ላይ አንዱን ባንዱ ታነባብራለች፤ ጫፋቸው ወደ ውጪ ይንጠለጠላል። የቦካውን ሊጥ ታፈስበትና ጫፎቹን መልሳ ታለብሰዋለች። በላዩ ሌላ ምጣድ ትደፋና ፍም ታደርግበታለች። «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» የሚባለው ይኸው ነው።

እኛ ልጆች ሽታው እያወደን እንተኛለን። ጠዋት ቅጠሉ ደርቆ ቡናማ ሆኖ እናገኘዋለን። አያቴ ቀስ እያለች ስትልጠው እኔ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ትንፋሼን ይዤ አያለሁ። ከሥሩ ብቅ የሚለው ዳቦ ላይ የኮባው መስመሮች አንድ በአንድ ታትመዋል። ቀጫጭን ናቸው፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ፣ የጥሩ ሸማኔ እጅ ያረፈባቸው ይመስላሉ። ቅጠሎቹ የተደራረቡበት ቦታ ላይ ደግሞ መስመሮቹ ይቋረጣሉ፤ እዚያ ላይ ጥበብ የተጠለፈበት ይመስላል። ማንም አልሳለውም። ከዚያ የሚበልጥ የማዕድ ጌጥ እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ ኮባ ያገኘ ሰው ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። መስመሩ በደንብ የታተመበትን ፊት ወደ ላይ አድርጎ፣ ሌላ ለምለም ኮባ ከሥሩ አንጥፎ ማቅረብ ነው።

ምጣድና ፍም የሌለን በኦቨን እንሠራዋለን። እኔ የምሠራበትን ልክ ልንገራችሁ፤ የሚጽፍ ይጻፍ። 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት። 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር። ቅመሙ ደግሞ 2 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። ለብ ያለ ውሃ 1 ሊትር ከሩብ ገደማ ይበቃዋል። ዱቄት ከዱቄት ስለሚለያይ ውሃውን በአንዴ አታፍሱት። ሊጡ ለስላሳ፣ እጅ ላይ ትንሽ ያዝ የሚያደርግ ይሁን። ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ብርድ ከሆነ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ኮባ ካጣችሁ የሙዝ ቅጠል ይሆናል፤ እሱንም መጀመሪያ እሳት ይንካው። መጋገሪያው 38 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይሁን። በ180 ዲግሪ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ይጋገራል። መብሰሉን ለማወቅ ገልብጣችሁ ታችኛውን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ዕቃ እንደመታችሁ ከጮኸ በስሏል። ድምፁ ከታፈነ መልሱት።

ቤተሰባችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ዱቄቱ ከተወደደባችሁ፣ ሁሉንም በግማሽ አድርጉት። አነስተኛ ድፎም ድፎ ነው። ደግሞ ለጠዋት አትተዉት፤ በዋዜማው ጋግሩት። በበዓል ጠዋት መብራት ቢጠፋ የት ይገባል?

አሁን ልጆቹ የሚጠብቁት ላይ ደረስን። ቅጠሉ ካልተገኘ፣ ወይም ልጆቹ «እኛም እንሥራ» ካሉ፣ ከሊጥ አበባ ሠርቶ ድፎው ላይ መለጠፍ ይቻላል። እዚህ ላይ በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጄ 6 ዓመቷ ሳለ ከዚያው ከቦካው ሊጥ ቆንጥረን አደይ አበባ ሠራን። እያንዳንዷን ቅጠል በትንሽ ጣቷ ጫን እያደረገች ነው ያወጣቻት። ከኦቨን ስናወጣው አበባ የሚባል የለም። አብጦ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ጉብታ ብቻ ሆኗል። ልጄ አለቀሰች። እኔም ሆዴ ተላወሰ።

ጥፋቱ የእርሾው ነበር። የቦካ ሊጥ እሳት ሲያገኝ ይነፋል፤ የተቀረጸበትን ሁሉ ይውጠዋል። ለጌጥ የሚሆን ሊጥ ውስጥ እርሾ አይግባ። 2 ኩባያ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ፣ ጠንከር እስኪል ድረስ እሹት። ለሁለት ክፈሉና ግማሹ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩበት። ያ ነው የአደይን ቢጫ የሚያመጣው። ልጆቹ እውነተኛዋን አደይ ፊታቸው አስቀምጠው እያዩ ይሥሩ። መሐሏ ላይ ጥቁር አዝሙድ ጫን ጫን ያድርጉበት። አበባው የሚለጠፈው ድፎው ከቦካ በኋላ፣ ሊጋገር ሲል ነው። ከሥሩ ውሃ ቀባ አድርጋችሁ ለጥፉት። እንቁላል ግን አበባው ላይ አትቀቡ፤ ቢጫው ይጠቁራል። ግማሽ ሰዓት ሲሆነው በፎይል ሸፈን አድርጉት። በዓመቱ ከልጄ ጋር እንደዚህ ደግመን ሠራነው። ከኦቨን ሲወጣ ገና ሳይበርድ ቅጠሎቹን በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። አንድም አልጎደለም።

ለትንንሾቹ ደግሞ ከዚህ የሚቀል አለ። ወረቀት ላይ አበባ ወይም መስቀል ስለው ቅርጹን መሐሉ ላይ ይቁረጡት። ሊጡ ሊጋገር ሲል ወረቀቱን አስቀምጡና በወንፊት ዱቄት ነፋ ነፋ አድርጉበት። ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ዳቦው ሲበስል ዙሪያው ይቀላል፣ ቅርጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ ወረቀት ላይ አበባና ፀሐይ ስለው ይዞሩ የለ? ያው ሥዕል ዳቦው ላይ ገባ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል አዲስ ነገር ያመጣሁ እንዳይመስላችሁ። የትግራይ እናቶች አምባሻ ሲጋግሩ ገና ሊጥ ሳለ ፊቱን እንደ መንኮራኩር ይሸነሽኑታል። አምባሻ የሚታወቀው በዚያ መልኩ ነው። በመስቀል የጉራጌ ቤት የገባ ደግሞ ያውቀዋል። ለምለም ኮባ ላይ ቀዩ ክትፎ፣ ነጩ አይብ፣ አረንጓዴው ጎመን። ምን ዓይነት ዲኮር ነው ከዚህ በላይ የሚያምረው? መሶባችንስ ቢሆን? ሴቶች ልጆች በመስከረም ሜዳ ወርደው የሚለቅሙት ሰንደዶና አክርማ አይደለም እንዴ የሚሰፋው? የእኛ ሰው ለማሳመር ሩቅ ሄዶ አያውቅም።

ፈንድሻን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ለቡና ቁርስ ከምናቀርበው ላይ ቀነስ አድርጋችሁ አንድ ሌሊት ክፍቱን አሳድሩት። ትኩሱን በመርፌ ስትወጉት ይፈረካከሳል፤ ያደረው ግን ለስለስ ስለሚል በክር ይሰካል። ረጅም ነጭ ሐረግ ይወጣዋል። መስኮት ላይ፣ በር ላይ ስቀሉት። ለገናም ይሆናል። ለገና ዛፍ በረዶ እንዲመስል ጥጥ እንበትናለን፤ እንደ ጥጥ የሚነጣ በረዶ ወርዶበት በማያውቅ ቤት። የፈንድሻው ሐረግ ግን የኛው በቆሎ ነው፤ ልጆቹም ሲሰኩት ያመሻሉ። ለመርፌው ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ።

ስለ ጥንቃቄ ሁለት ነገር አለኝ። እውነተኛ አደይ ዳቦው ላይ አትሰኩ፤ አቧራም ነፍሳትም አለበት። በብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ ከድፎው ጎን አቁሟት። ሁለተኛው ከሰሉ ነው። ቄጤማ ጠዋት እርጥብ ነው፣ ማታ ግን ደርቋል። የእጣን ማጨሻውንና ሻማውን ከቄጤማው አርቃችሁ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ትሪ ላይ አስቀምጡ። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን እንዳትረሱ አደራ።

አንዳንድ እናቶች «ጊዜ የት አለን?» እንደምትሉ ይገባኛል። እውነት ነው፣ የበዓል ዋዜማ ድካሙ የእናት ነው። ለዚህ ነው ልጆቹንና አባወራዎቹን አስገቡ የምለው። ሊጥ ማሸት ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ያለው ጎረምሳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ይነካካል። እጁን ታጥቦ ይምጣ! አበባውን ትንንሾቹ ይሥሩ። የነሱ እጅ ያረፈበትን ድፎ አባት ባርኮ ሲቆርስ የልጆቹን ፊት ተመልከቱ። «ይቺ የኔ ናት» ይላሉ፤ ያቺን ቁራሽ ለመብላት ይሻማሉ።

ይህ ፊታችሁ ያለው ድፎ ትናንት ማታ የጋገርኩት ነው። ኮባውን አሁን እዚሁ እልጠዋለሁ፤ ልጆች ቀረብ በሉና መስመሮቹን እዩ። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡን አባታችን ተነሥተው ይባርኩልንና ይቁረሱልን።

ከዳቦው በኋላ ወደ ሥራ ነው። ውሃና ሳሙና በሩ አጠገብ አለ። ቢጫው ሊጥ በቀኝ በኩል፣ ነጩ በግራ ነው። ልጆች፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ።